ወረደ ወይስ ቆመ?

«አራተኛው። ዋጪ» አለች የሆስፒታሉ ምርመራ ባለሙያ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ጥቂት ውሃ ልጅቷ አፍ ውስጥ አፍስሳ። «ወረደ ወይስ ቆመ?»

ልጅቷ ዋጠች። በአፍንጫዋ የገባው ቀጭን ቱቦ ጉሮሮዋን ቧጠጣት። ዓይኗን ወደ ማሽኑ ስክሪን ወረወረች። የምግብ ቧንቧዋን ጡንቻ ግፊት የሚያሳየው ቀለም ሳይቆራረጥ ከላይ እስከ ታች ወረደ። ውሃው ግን ደረቷ መሃል ተገትሯል።

«ወረደ» አለች።

ውሸቷን ነው። ግን ምን ታድርግ? ሦስት ወር ሙሉ ምግብ ደረቴ ላይ ይቆማል እያለች ያተረፈችው «አርቲስቷ» የሚል ቅጽል ስም ነው። ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ሹካዋን ባስቀመጠች ቁጥር ያጨበጭብላታል። እናቷም ብትሆን ልብስ ስፌት ቤቷን ዘግታ ያመጣቻት ነገሩ አንዴ እንዲለይለት ነው። መሣሪያው ምንም ካላገኘ የቀረበላትን ሙልጭ አድርጋ ልትበላ፣ ስለ ደረቷም ዳግመኛ ላታነሳ ተስማምተዋል። ስክሪኑ ላይ ደግሞ ሁሉም ሰላም ነው። ከማሽን ጋር ማን ይከራከራል?

አምስተኛውንም ስክሪኑን አይታ መለሰች። ይሄኔ ባለሙያዋ ነቃችባትና ስክሪኑን ወደ ግድግዳው አዞረችው። ማሽኑ የሚለካው የምግብ ቧንቧዋ ጡንቻ እንዴት እንደሚጨመቅ ብቻ እንደሆነ ነገረቻት። ጡንቻው ደህና እየሠራ ቆመብኝ የሚል ሰው አለ፤ ጡንቻው ደክሞም ምንም የማይሰማው አለ። ሐኪሙ የሚያየው ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጎ ነው።

«የሚሰማሽን እዚህ ክፍል ውስጥ ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም፣ የኔ እናት» አለቻት።

እናቷ ሰዓቷን አየች። ስድስት ሰዓት ላይ ሱሪውን የሚወስድ ደንበኛ ቀጥራለች። ልጅቷ አፍንጫዋ እየተቃጠለ ነው፤ ከአሥሩ የቀሯት አምስት ብቻ ናቸው። ፈርታለችም።

ስድስተኛውን ዋጠች። አሁን የምታየው ነገር የለም።

«ቆመ» አለች። ቀጥላም፣ «የቅድሞቹም ቆመው ነበር። ስክሪኑን እያየሁ ነው የመለስኩት» አለች።

ባለሙያዋ እንዲህ ከሆነ ከመጀመሪያው መድገም እንዳለባቸው ተናገረች፤ አሥሩንም፣ ቱቦው እንዳለ። ሌላ ቀን መምጣትም እንደሚቻል ጨመረች።  እናት ስልኳን አውጥታ ደንበኛዋን ከሰዓት በኋላ እንዲመጣ ለመነችውና ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች።

«ከአንድ እንጀምር» አለች ልጅቷ፤ አፏንም ከፈተች።