በረባዳው የቆመች ጎተራ

ዶክተር መዝገቡ ሞተው የተገኙት አንዲት ከተማ ሥር ነው።

እሁድ አምልኮው አብቅቶ፣ ሃርልስደን ያለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን የጀርባ ክፍል ሲከፈት፣ ሽማግሌው ከትልቅ ጠረጴዛ ሥር በጀርባቸው ተዘርግተው ነበር። ጠረጴዛው ላይ በአሸዋና በሸክላ የተሠራች የጥንት ግብፅ ከተማ አለች። ዓባይ መሀሏን ያቋርጣታል፤ ከሥር ያለው የብረት ፓምፕ ሲከፈት ወንዙ ይሞላል። ለንደን ለተወለዱ የምእመናን ልጆች በዚያው ቀን ሊያሳዩዋት ቀጠሮ ነበራቸው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ይህንኑ ነው፤ ወንዝ ከተማን እንዴት እንደሚያቅድ። ያጠኑት ደግሞ ኤድመንተን መጋዘን ውስጥ ካርቶን እየተሸከሙ ነው። የተማሩ ሰዎች ዲግሪያቸውን አገላብጠው «ልምድዎ ከእኛ ጋር አይገጥምም» አሏቸው። ሐሳባቸው በሌላ ሰው አፍ ሲመጣ ግን ቆመው አጨበጨቡለት። ሌላው ሰው ጢሞቴዎስ ይባላል፤ እጃቸው ላይ ያደገ ተማሪያቸው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ስለ ዓባይ ዳር ከተሞች በጻፈው መጽሐፍ ስሙ የገነነ። በመጽሐፉ ውስጥ የመዝገቡ ስም አንድም ቦታ የለም።

ፖሊስ መጀመሪያ «ወድቀው ነው» አለ። ሰኞ ሐኪሙ ሌላ ነገር ተናገረ፤ ደረታቸው ላይ የተገፉበት ምልክት አለ፣ የራስ ቅላቸው ከኋላ ፓምፑ ላይ ተሰንጥቋል፣ ያም ሆኖ ወዲያው አልሞቱም። ቅዳሜ ቀን ላይ ልጃቸው ፀደንያ ስትጮህባቸው ተሰምታ ስለነበር፣ ለምርመራ የተጠራችው እሷ ናት።

ፖሊስ ጠየቃት እንጂ አልከሰሳትም። የፈረደባት ሕዝበ ክርስቲያኑ ነው! «ልጅቷ ናት አሉ» የሚል ወሬ ከስልክ ስልክ ዘለለ፤ ፀደንያ ቤት ለቅሶ የደረሰ አንድ ሰው አልተገኘም። ለቅሶው ኤድመንተን፣ ጢሞቴዎስ ቤት ተተከለ። የሟች ልጅ ብቻዋን ተቀምጣ፣ ተማሪው «እግዜር ያጥናህ» ይባላል።

የፀደንያ ጠበቃ እህተማርያምን ላከላት። እህተማርያም አዲስ አበባ የግድያ መርማሪ ነበረች፤ ለንደን ከመጣች ወዲህ ለጠበቆች ማስረጃ ትፈልጋለች። ስድሳን የተጠጋች፣ ነጠላ ጫማዋን እያንሿቀቀች የምትሄድ፣ ሰው ሲያወራ ዓይኗን የማትነቅል ሴት ናት።

ረቡዕ ፖሊስ ክፍሉን ለቀቀ። ፀደንያ ደፉ ላይ ቆማ ቀረች። ወደ ጠረጴዛው ማየት አልቻለችም።

«አንቺ ስትጨርሺ ንገሪኝ... ሶሪ፣ እርስዎ ሲጨርሱ» አለች።

«አንቺ በይኝ። አንቱታ ምርመራ ያረዝማል። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«ካውንስል ውስጥ ፕላነር ነኝ። የት ቤት ይሠራ፣ የት አይሠራ፣ ያን ቼክ አደርጋለሁ።»

«አባትሽም የከተማ ሰው፣ አንቺም የከተማ ሰው። ይህቺን እዚያው ሆነሽ አስረጂኝ።»

«ክረምት የኛ አገር ዝናብ ወርዶ ግብፅን ይሞላታል። ሰው ቤቱን ከፍ ባለው በወንዙ ዳር ጉብታ ላይ ይሠራል፤ ከጀርባው ያለው ረባዳ ግን ሙላቱ የሚተኛበት ነው፤ ደለሉን ጥሎለት ሲሄድ ይታረሳል። መቃብር በምዕራብ፣ በረሃው ጫፍ። ከተማዋን ያቀዳት ንጉሥ አይደለም፣ ወንዙ ነው። አባዬ ‹ዓባይ ፕላኒንግ ፐርሚሽን፣ የግንባታ ፈቃድ፣ መከልከል ያውቃል› ይል ነበር።» ልትስቅ ሞክራ አቃታት።

«ቅዳሜ ለምን ጮህሽበት?»

«ስለ ጢሞቴዎስ ነው። ሥራህን ወስዷል፣ ሱ አድርገው፣ ክሰሰው ስለው ‹እሱ ልጄ ነው› አለኝ። ‹ልጅህ እኔ ነኝ!› ብዬ ጮህኩ። የመጨረሻ ቃሌ ይኸው ሆነ።»

እህተማርያም ተንበርክካ ወለሉን አየች። ምንጣፉ ገና እርጥብ ነበር፤ ከጠረጴዛው እግር ጥግ የሸክላ ስባሪ ለቀመች። ከዚያ ብድግ ብላ ከተማዋን አስተዋለች። በዳር በኩል አሸዋው በብሩሽ ተስሏል፤ መሀል ላይ ግን በመዳፍ የተዳመጠ ነው። መቅደሱ ከአንድ ምሰሶው ተሸርፏል። በረባዳው፣ ከመቅደሱ ጎን፣ ቀይ የሸክላ ጎተራ ቆማለች።

«ይህ ክፍል እሁድ ከተከፈተ ወዲህ ጠረጴዛውን የነካ አለ?»

«ፖሊሶቹ ምንም እንዳልነኩ ለጠበቃዬ ነግረውታል።»

ፓስተር ቤንጃሚን ቢሯቸው ውስጥ እየተንጎራደዱ ጠበቋት።

«እህት እህተማርያም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ያ ነገር እንዲወጣ ሦስቴ ነግሬያቸዋለሁ። የጣዖት ቤት በጌታ ቤት!»

«እስራኤልም ግብፅ ነበሩ፣ ፓስተር።»

«ወጥተዋል እኮ! እኔም ውጡ ነው ያልኩት።»

«ቅዳሜ ከማን ጋር ወጡ?»

«ከሸክላ ሠሪዋ ከራኬብ ጋር። ፀደንያ ቀድማን እያለቀሰች ሄዳለች። ዶክተር መዝገቡ ቀሩ። ‹የምጠብቀው እንግዳ አለ› አሉኝ።»

«ማን እንደሆነ አልጠየቁም?»

ፓስተሩ አንገታቸውን ደፉ። «ፀደንያ ትመለሳለች ብዬ ነበር። ለፖሊስም እንደዚያ አልኳቸው።»

«ብለው ነበር ወይስ አይተው ነበር?»

ሰው በግምቱ ሌላውን ገደል ይሰዳል፤ ከዚያ ‹መስሎኝ ነው› ይላል።

ሸክላ ሠሪዋ ራኬብ ስቶክዌል ባለው መሥሪያዋ ክንዷ ድረስ ጭቃ ለብሳ ነበር። ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያበጀቻት እሷ ናት።

«የዝግጅቱ ፖስተር ላይ ስሜ የለም!» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ያን ሁሉ ቤት ማን ጠፈጠፈው? እኔ!»

«ታዲያ በዚህ ተናደሽ ገፋሻቸው?»

«ስሜን ለረሳ ሁሉ ብነሳ ለንደን ውስጥ ሐበሻ ይተርፍ ነበር?»

«ቅዳሜ ምን ተደረገ?»

«ፓምፑን ከፈቱት፣ ሙላቱ መጣ። ረባዳው ላይ የነበረችው ጎተራ ያልተተኮሰች ጭቃ ነበረች፤ እያየናት ሟሟች። ጋሽ መዝገቡ በሳቅ ሞ...» አለችና አፏን ያዘች። «ሳቁ። ‹ረኃብን የሚያውቅ ሕዝብ እህሉን ውሃ የሚተኛበት ላይ ያኖራል? ስንት ዘመን ተሳስቼ አሳሳትኩ!› አሉ። የፊተኛዋ ስለተሰነጠቀች ለመተኪያ የተኮስኳት ቀይ ጎተራ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ተቀበሉኝና በገዛ እጃቸው ጉብታው ላይ፣ ከሰው ቤቶች መሀል አቆሟት።»

«ማን ማን አየ?»

«ፓስተሩ፣ ፀደንያና እኔ።»

«ለሌላ ሰው አወራሽ?»

«ለማን? ስለ ጎተራ የሚሰማኝ ማን አለ?»

በዚያው ምሽት ኤድመንተን ለቅሶ ቤቱ በሰው ተጨናንቋል። ጥቁር የለበሰው ጢሞቴዎስ ከወንበሩ ተነስቶ እህተማርያምን ከራሱ አጠገብ አስቀመጣት። በሌላው ጎኑ ፓስተር ቤንጃሚን አሉ።

«እትዬ፣ ጋሼ ለእኔ አባቴ ነበሩ» አለ። «ፀደንያ ላይ አትፍረዱ እያልኩ እየለመንኩ ነው። ቁጣ ነው፣ ሰይጣን ነው።»

ለቀስተኛው በደግነቱ ራሱን ነቀነቀ።

«ዶክተር፣ ያቺ ከተማ አልገባችኝም» አለች እህተማርያም። «እርስዎ ካላስረዱኝ ማን ያስረዳኛል?»

ጢሞቴዎስ ተቃና። ድምፁ የመምህር ድምፅ ሆነ። «ሁሉም የሚጀምረው ከመቅደሱ ነው። ከጎኑ ያቺ ቀይ ጎተራ ትቆማለች፤ ንጉሡ እህሉን ከአምላኩ ሥር አኖረ ማለት ነው። ቤቶቹ ጉብታው ላይ ይደረደራሉ። የመጽሐፌ ልብ ይኸው ነው።»

«ከተማዋን መቼ ነው ያዩዋት?»

«ገና ሲጀምሯት፣ ከሁለት ሳምንት በፊት። ከዚያ ወዲህ አልሄድኩም። ቅዳሜም እዚሁ ቤቴ ነበርኩ።»

«እግዜር ያጥናዎት» አለችና ተነሳች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁሉም በጀርባው ክፍል ተሰበሰቡ። ጢሞቴዎስ፣ ራኬብ፣ ፓስተሩ፣ ወሬውን ሲያዛምቱ የከረሙ የጸሎት እናቶችም ጭምር፤ እህተማርያም ስማቸውን ጠርታ ነው ያስመጣቻቸው። በር ላይ ጉዳዩን የያዘው እንግሊዛዊ መርማሪ ከአስተርጓሚው ጋር ቆሟል። ፀደንያ ግድግዳው ጥግ ብቻዋን ነበረች፤ አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

«ምንጣፉ ርሷል፣ ከሥር የሸክላ ስባሪ ወድቋል፣ መቅደሱ ተሸርፏል» ብላ ጀመረች እህተማርያም። «ዶክተር መዝገቡ ሲገፉ ጠረጴዛው ተንጋዷል፤ ከተማዋ ፈርሳለች። ግን ያገኘናት ቆማ ነው። አንድ ሰው መልሶ ሠርቷታል፤ በብሩሽ ሳይሆን በመዳፉ፣ ተቻኩሎ። ለምን? ትግል አልነበረም፣ ሽማግሌ አዳልጦት ወደቀ እንዲባል።»

«ይህን ማንም ሊሠራው ይችላል» አለ ጢሞቴዎስ በለሆሳስ።

«ማንም አይችልም። ቤቶቹ ጉብታው ላይ፣ መቃብሮቹ በምዕራብ፣ ሁሉም በየቦታው ናቸው። አጥር ዘሎ የገባ ሌባ ይህን አያውቅም። ከተማዋን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። የተሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው። ራኬብ፣ ነይ እዪ።»

ራኬብ ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና ደነገጠች። «ጎተራዋ! እዚህ አልነበረችም። እሳቸው ጉብታው ላይ ነው ያቆሟት።»

«ፓስተር?»

«እውነቷን ነው። ጉብታው ላይ ነበረች።»

«ቅዳሜ ሙላቱ የድሮዋን ጎተራ አቅልጦ ዶክተር መዝገቡን አስተምሯቸዋል። ያን ያዩ ሦስት ሰዎች ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ከተማዋን መልሶ ቢሠራ ኖሮ ጎተራዋን ጉብታው ላይ ያቆማት ነበር። ይህ ሰው ግን የድሮውን ብቻ ያውቃል። በመጽሐፉ እንዳለው አድርጎ አቆማት።»

«መጽሐፌን ሺህ ሰው አንብቦታል!» ጢሞቴዎስ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ከሦስቱ አንዷ ሆን ብላ በእኔ ላይ አድርጋው ቢሆንስ?»

«እኔም ያንን ጠርጥሬ ነው ኤድመንተን የመጣሁት። አሁን ስማኝ፣ ጢሞቴዎስ።» አንቱታው ቀረ። «የድሮዋ ጎተራ ቀለሟ ምን ነበር፣ ራኬብ?»

«ግራጫ። ጥሬ ጭቃ ናታ!»

«ቀይዋ ከቦርሳሽ የወጣችው መቼ ነው?»

«ቅዳሜ፣ ሙላቱ ካለፈ በኋላ።»

«እሁድ ከአምልኮ በኋላ ክፍሉ ተከፈተ፣ ወዲያው ፖሊስ አሸገው። አንተ ግን ከሁለት ሳምንት ወዲህ እዚህ አልረገጥክም። ትናንት ለቀስተኛው ፊት ‹ያቺ ቀይ ጎተራ› አልክ። ፓስተር፣ ሰምተዋል?»

ፓስተር ቤንጃሚን ቀስ ብለው ከጢሞቴዎስ ወንበር ራቁ። «ሰምቻለሁ። ስለ ጎተራዋ እኔ አልነገርኩትም።»

«ሦስቱ ቀይዋንም ቦታዋንም ያውቃሉ። ሌላው ዓለም ሁለቱንም አያውቅም። ቀይዋን በእጁ ይዞ ቦታዋን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ አለ። የጠበቁት እንግዳ አንተ ነበርክ።»

የጢሞቴዎስ ቃላት እየተጋፉ ወጡ። «ነገ ለሰው ሁሉ እናገራለሁ አሉኝ። ‹መጽሐፉ ተሳስቷል፣ ስህተቱ የኔ ነው፣ አንተ ከሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው የጠራሁህ› አሉኝ። ፕሮፌሰርነቴ በዚህ ወር ይወሰናል! የኔ ስህተት ነው ካሉ፣ ሥራው የማን እንደነበር ሰው ሁሉ አያውቅም? ገፋኋቸው እንጂ... ልገድላቸው አልነበረም።»

«ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ሊወስዱልህ ነበር እኮ!» እህተማርያም ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። «አንተ ምሁር ነኝ ትላለህ። ‹የቱ ላይ ነው የተሳሳትነው?› ብለህ አንዲት ጥያቄ ብትጠይቃቸው ኖሮ ጎተራዋን ያሳዩህ ነበር። አልጠየቅክም። የሰረቅከውን እንኳ ለማወቅ አልፈለግክም!»

ፀደንያ ከግድግዳው ተላቅቃ ፊቱ ቆመች።

«ወዲያው እንዳልሞተ ሐኪሙ ተናግሯል» አለች። «አንተ ቤቶቹን ስትደረድር አባዬ በሕይወት ነበር። አናገረህ?»

«ፀዲ...»

«ቴል ሚ። ምን አለህ?»

ጢሞቴዎስ ጫማውን እያየ መለሰ። «‹ልጄ፣ እጄን ያዘኝ› አሉኝ።»

ከጸሎት እናቶቹ አንዷ «ኡ!» ብላ ደረቷን መታች። ፀደንያ አልጮኸችም፣ አልመታችውም። አባቷ በመጨረሻዋ ሰዓት ‹ልጄ› ያሉት ይህን ሰው ነው፤ ይህን የሚሽር ማንም መርማሪ፣ ማንም ፍርድ ቤት የለም።

እንግሊዛዊው ገብቶ ጢሞቴዎስን በክንዱ ያዘው። በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ፣ እናቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ፀደንያን ከበቧት። «አይዞሽ የኔ ልጅ»፣ «ጌታ ፈረደልሽ»፣ «እኛማ ድሮም አላመንንም!» ፓስተር ቤንጃሚን ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ዛሬውኑ ወንበሩንም ሰውንም ይዘን ቤትሽ እንመጣለን፤ በወጉ እናለቅሳለን» አሉ።

ፀደንያ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«አትምጡ» አለች። «ብቻዬን ማልቀሱን እናንተው አስተምራችሁኛል።»

ካፖርቷን ከወንበሩ አንስታ ወጣች። ሊከተላት የደፈረ አልነበረም።