በመምህሩ በር ላይ የተለጠፈው ስህተት

ሽማግሌው የእንግሊዝኛ መምህር የሞቱት፣ ተማሪዎቻቸውን በሚቀበሉበት የቤታቸው ክፍል፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበር። የአስም ሕመምተኛ በመሆናቸው ሞታቸው ማንንም ባላስገረመ ነበር፤ ነገር ግን ከኪሳቸው የማይለየው የአስም መርጫ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ተገኘ። ባልደረቦቿ ስለ አእምሮዋ ስለት «መርፌ» የሚሏት መርማሪ የተጠራችው በዚህ ምክንያት ነው።

የውጭው በር ላይ በእርሳስ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ተለጥፏል። መምህሩ ዛሬ ማስተማር እንደማይችሉ ይናገራል።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጥተን አንብበነው ተመለስን» አለች ከተማሪዎቻቸው አንዷ፣ ዓይኗ አብጦ። «‹ካን ኖት ቱ ቲች› ይላል። ጋሼ ስህተት ጽፈው ሊፈትኑን ነው ብለን እዚሁ ቆመን ሳቅን።»

«ስህተቱ የቱ ጋ ነው?»

«‹ካን› ረዳት ግስ ነው። ከሱ በኋላ ዋናው ግስ ብቻውን ይመጣል፤ ‹ቱ› መሃል አይገባም። በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩን ነው።»

ሐኪሙ መምህሩ ያረፉት ሦስት ሰዓት ገደማ መሆኑን ነገራት። መርፌ ሁለቱን ሰዓቶች ማስታወሻዋ ላይ ጎን ለጎን ጻፈች።

የቤቱ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዷ የእንግሊዝኛ አስተርጓሚ የሆነችው ልጃቸው ናት።

«እዚህ በር ላይ ከእንግሊዝኛ በቀር አይለጠፍም፤ የአባቴ ሕግ ነው» አለች እንባዋን እየጠረገች።

ሁለተኛው አርባ ዓመት አብረዋቸው ያስተማሩት ጓደኛቸው ናቸው። «ሰሞኑን ተኳርፈን ነበር» አሉ። «በአንድ መልመጃ የተነሳ። ይኸው ሳንታረቅ ቀደመኝ።»

ሦስተኛው አናጢው ታናሽ ወንድማቸው ነው። «እኔ መጋዝ እንጂ መጽሐፍ የት አውቄ! የፈረንጅ አፍ አንድ ፊደል አልቆጠርኩም» አላት።

መርፌ የመምህሩን መሳቢያ ስትፈትሽ ቆየችና ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ማስታወቂያው የመምህሩ እንዲመስል ነው የተጻፈው» አለች። «ተማሪዎቹን ለመመለስ። ግን እሳቸው ከ‹ካን› በኋላ ‹ቱ› አያስገቡም።»

«አውቆ የተሳሳተ ቢሆንስ?» አሉ ጓደኛቸው።

«እንዲታመን የፈለገ ሰው አውቆ አይሳሳትም። እርስዎም ሆኑ ልጃቸው በትክክል ትጽፉት ነበር። የጻፈው ገና የሚማር ሰው ነው።» ስም የሌለው ደብተር ገለጠች። በየገጹ ያው ስህተት በቀይ ተከቧል። ደብተሩን ዘቅዝቃ ስታራግፈው ከገጾቹ መሃል የእንጨት ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። «የእጅ ጽሕፈቱም ከማስታወቂያው ጋር አንድ ነው።»

ሁሉም ወደ አናጢው ዞሩ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አለቆቼ ፎርማን ሊያደርጉኝ ነበር» አለ። «እንግሊዝኛ ይችላል የሚል የመምህር ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። ጋሼ ‹ውሸት አልጽፍም፣ ገና ነህ› አሉኝ። ዕድሜ ልኬን ገና ነኝ! ስንጨቃጨቅ ትንፋሽ አጠራቸው። መርጫውን ቀድሜ አነሳሁት። አንዴ፣ አንዴ ብቻ እባክህ ይበሉኝ ብዬ ነበር።»

«አሉ?»

«መናገር አቃታቸው። የተማሪዎቹ ሰዓት ደረሰ፤ ፈራሁ።»

«ስለዚህ ማስታወቂያውን ሲለጥፉ ወንድምዎ በሕይወት ነበሩ።»

አናጢው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። «ተማሪዎቹ ሲስቁ ጋሼ ይሰሙ ነበር» አለ።

ልጃቸው በልጅነቷ ትከሻው ላይ ያሳደጋትን አጎቷን አየችውና ከክፍሉ ወጣች።

መርፌ አናጢውን ለፖሊሶቹ አስረክባ ስትወጣ ተማሪዋ ደጅ ላይ ቆማ አገኘቻት።

«እኛ ስንመጣ ጋሼ ሞተው ነበር አይደል?»

መርፌ በሥራዋ ላይ ዋሽታ አታውቅም። የልጅቷን እጅ ያዘች።

«አዎ፣ የኔ ልጅ» አለቻት። «ቀድመው ሞተው ነበር።»