ያልተጎረሰ ጉላይ

ሬድዋን የፍየል ነጋዴ ልጅ ነው፤ እኔ ደግሞ የፍየል ወጥ ሠሪ። ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምን ቀራችሁ!» ይላል። አንድ ጉርሻ ነበር የቀረን።

መጀመሪያ ያየሁት ካራ ገበያ ነው። አንዱን ጥቁር ፍየል አፉን ከፍቼ ጥርሱን ሳይ ከኋላዬ ሳቀ።

«እህት፣ ልታገቢው ነው እንዴ እንዲህ የምትመረምሪው?»

«ባገባውስ? ከባለቤቱ ይሻላል፤ ቢያንስ አይለፈልፍም።»

ዓይኑን ከእኔ ሳያነሳ ከመንጋው መሀል ሌላ ፍየል ጎትቶ አመጣ። «ያኛው አርጅቷል። ለምን እንደምትፈልጊው ንገሪኝና በልኩ ልምረጥልሽ።»

ነገርኩት። ከየካ ሚካኤል በታች አንዲት ኢንዶኔዥያዊት እመቤት ቤት ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ኢቡ ራትና ነበር የምላቸው፤ ኢቡ በእነሱ ቋንቋ እማማ እንደ ማለት ነው። በአገራቸው ዒድ ሲሆን፣ ልጅ ሲወለድ፣ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ፍየል ይታረዳል። ሥጋው በቀጭን እንጨት ተሰክቶ ከሰል ላይ ሲጠበስ ሳቴ፣ አጥንቱ ደግሞ በእርድ፣ በዝንጅብል፣ በጠጅ ሳርና በኮኮናት ወተት ሲንተከተክ ጉላይ ይባላል። እሳቸው አገራቸው ሲገቡ ድስቶቻቸውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ፤ እኔም ለየሰዉ ድግስ ማብሰል ጀመርኩ።

«ጠጅ ሳር? ወጥ ውስጥ?» አለ ሬድዋን። «በአላህ!»

«ቅመስና ፍረድ።»

ከእንጦጦ ማርያም ወዲህ፣ ባሕር ዛፉ መሀል ተቀምጠን ቀመሰ። ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ አላመጠ።

«ይሄን ፍየል እኔ ነኝ የሸጥኩልሽ? አላውቀውም እኮ! ሽታውን የት አደረስሽው?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ኢቡ ያስተማሩኝን ነገርኩት፤ የፍየል ሥጋ ውሃ አይነካውም፣ በለጋ የፓፓያ ቅጠል ተጠቅልሎ ይቀመጣል፣ ቅጠሉ ሥጋውን ያለሰልሰዋል፣ ሽታውንም ይዞት ይሄዳል።

ከዚያ በኋላ ቅጠሉን የሚያመጣልኝ እሱ ሆነ። ኢዶሳ የሚባል፣ ከአርባ ምንጭ ፍራፍሬ የሚጭን ሾፌር ወዳጅ ነበረው። ሬድዋን ከሱ ተቀብሎ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ እስከ ደጄ ያደርስልኝና ቁጭ ብለን አብረን ሥጋውን እንጠቀልላለን። እጃችን ሲነካካ ሁለታችንም ዝም እንላለን። ያኔ ዝምታው ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ቅጠል እየዘረጋ፣ «የአረፋ ማግስት ዘመድ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰባል» አለኝ። «አንቺ ታበስያለሽ። እኔ ሁሉም ፊት የመጀመሪያውን ጉርሻ ከእጅሽ እጎርስና ‹የማገባት ይቺን ነው› እላለሁ።»

«ማልልኝ።»

«ወላሂ።»

ቀኑ ደረሰ። ጉላዩ በስሎ ከእሳት ወርዷል፤ የሳቴው ሥጋ ገና በቅጠሉ እንደተጠቀለለ ነው። እናቱ እትዬ ዘሙሩድ ፊታቸው እየበራ ወደ ኩሽና ገቡ።

«አንቺ ነሽ ጀናን? ማሻአላህ!» አሉና የሳህኑን ክዳን አነሱ። ፊታቸው ጠቆረ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«የፓፓያ ቅጠል ነው፣ እትዬ። ሥጋው እንዲለሰልስ ነው።»

«ታጥቧል?»

«አይታጠብም፣ በእነሱ ወግ...»

ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ቀፈፈኝ። በእኛ ሰፈር ሥጋ ሳታጥብ የምታበስል ሴት ባለሙያ አይደለችም። ቅጠል ከጨመረችበትማ ሌላ ስም አላት።

እትዬ ዘሙሩድ አልጮሁም። አንዱን ቅጠል በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ሳሎን ገቡ። «ልጄ እንዲህ የፈዘዘው በደህናው አይደለም ብዬ ነበር!» ሲሉ ሰማኋቸው። «በቅጠል ይዛዋለች፤ መስተፋቅር ነው!»

ሌላዋ ብትሆን በጓሮ ትወጣ ነበር። እኔ ግን ሬድዋንን አምኜ ጉላዩን ይዤ ገባሁ። አባቱ ሀጂ ሸረፈዲን ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ማንም እጁን ወደ ትሪው አልሰደደም። ከእንጀራው ቆርሼ ጠቀለልኩና ለሬድዋን ዘረጋሁለት።

እጄን አየ። እናቱን አየ። ቅጠሉ እናቱ ጣት ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ያንን ቅጠል እሱ ራሱ ነው በጆንያ ያመጣው። «እኔ ነኝ ያመጣሁት» ቢል ይበቃ ነበር። የአንድ ትንፋሽ ነገር ነው።

«ጠግቤያለሁ» አለ።

ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። ወርቁን አጥልቀውት ይዙሩ! ጉርሻውን ራሴ ጎረስኩት። ጥሩ ነበር ደግሞ፤ ጨውም አልጎደለው። ከዚያ ድስቴን አንስቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ደወለ። «ቀስ ብዬ አስረዳታለሁ። እናቴ ናት፣ ምን ላድርግ? ጊዜ ስጪኝ።»

ጊዜ ሰጠሁት። በሰጠሁት ጊዜ ሌላ አገባበት።

ዓመታት አለፉ፤ ጉላዬም ስም አወጣ። በቀደም አንዲት ሴት ደውላ ለተወለደላት ወንድ ልጅ የእርድ ድግስ፣ ለአቂቃ፣ የሁለት ፍየል ጉላይ አዘዘችኝ። ሠራሁ። ሊወስድ የመጣው ሬድዋን ነው። ጠጉሩ ከፊት ሳስቷል፤ ፈገግታው ግን ያው ነው፣ አልሳሳም።

«የደወለችው ባለቤቴ ናት፤ አታውቅሽም» አለ መሬት መሬት እያየ። «እናቴ ጎረቤት አቂቃ ላይ በልታው ‹ለልጅ ልጄም ከዚህ ውጪ አይሆንም› አለች።»

«የማን እጅ እንደሆነ ያውቃሉ?»

የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ አዞረው።

«ቅጠሉንስ ማን እንዳመጣው ነግረሃቸዋል?»

ብሩን ቆጥሮ ዘረጋልኝ።

ጓዳ ገብቼ የተረፈኝን ለጋ ቅጠል አመጣሁና በትልቁ ድስት ላይ፣ ከጉላዩ በላይ አለበስኩት። ክዳኑን ሳልገጥም ጠበቅኩት።

«ጀናን፣ እባክሽ። እንግዳ አለ። እናቴ አርጅታለች።»

«እንዲሁ ወስደህ ፊታቸው ክፈተው። ‹ያኔም እኔ ነበርኩ ያመጣሁት› በላቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አንድ ጊዜ ድስቱን በሁለት እጁ ያዘው፤ ልቤ ተነሳ። ከዚያ ለቀቀው። ቅጠሉን ልክ እናቱ እንዳደረጉት በሁለት ጣቱ አንስቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ክዳኑን ገጠመ።

«ማብሩክ» አልኩት። «አላህ ያሳድግልህ።»

መኪናው ቁልቁለቱን እስኪጨርስ በር ላይ ቆምኩ። እሱንማ ባገባ ጊዜ ትቼው ነበር። ያችን አንዲት ቃል ግን ለካ እስከዚያ ቀን ድረስ እጠብቃት ኖሯል።