ድልድዩ ላይ ተራ አይለወጥም

ሃያ ስድስት ዓመት ቶርኖ ላይ ቆሜ ብረት ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ብረት ደግሞ ወይ ልኩ ነው ወይ ልኩ አይደለም፣ መሃል ላይ የሚንሳፈፍ ነገር የለውም፣ ስለዚህ ሰው መጥቶ "ትናንት አንድ ነገር ታየኝ" ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን እንደጠጣ ነው፣ እንዲያውም አንድ ጎረቤታችን ጅብ በሰው አፍ ሰደበኝ ብሎ ሲያወራ "ጅቡ ያውቅሃል ማለት ነው" ብዬው እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። እንግዲህ ይህን የሚያወራችሁ እንዲህ ያለው ሰው ነው። ደግሞም እንድታምኑኝ አይደለም የምነግራችሁ፣ ተናድጄ ነው። በጭነት መኪናዎቹ ተናድጄ፣ በነፋሱ ተናድጄ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ታፈሰ በሚባል አንድ የሃምሳ ሦስት ዓመት ጅል ተናድጄ። ታፈሰ ማለት እኔ ነኝ።

ቤቴ ወንጂ ነው፣ ሥራዬ አዳማ፣ በመካከላቸው ያለውን መንገድ ጠዋት በሳይክል እሄደዋለሁ፣ ማታ በሳይክል እመለስበታለሁ። ወንጂ ላይ ሳይክል የሌለው ሰው እግር እንደሌለው ነው የሚቆጠረው፣ ልጅ ገና መራመድ ሳይማር ፔዳል ይማራል፣ ትንሽ አጋንኜ ይሆናል፣ ግን ትንሽ ነው። አዳማ ስትገባ ግን ሰው መሆንህ ያበቃል። ባጃጁ በቀኝ ይቆርጥሃል፣ የሚኒባሱ ረዳት ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ "አንተ ሽማግሌ፣ ጠጋ በል!" ይልሃል፣ ወዴት ነው የምጠጋው? በቀኜ ቦይ ነው፣ ቦይ ውስጥ ልንዳ? ገልባጭ መኪናው ደግሞ ጀርባህ ላይ መጥቶ ክላክሱን ሲለቅብህ ነፍስህ ከሥጋህ ወጥታ፣ ሞጆ ደርሳ፣ ጉምሩክ ተፈትሻ ነው የምትመለሰው። አደጋ ሲደርስ ደግሞ ደሙ ሳይደርቅ ሁሉም በአንድ አፍ "ሳይክሉ ነው የገባበት" ይላል። ሳይክል ገብቶበት የተጎዳ ገልባጭ እስቲ አንድ አሳዩኝ!

ነፋሱን ደግሞ የአዳማን ከሰዓት የማያውቅ ሰው አይረዳኝም። ወደ ቤት ስትመለስ ፊት ለፊት ነው የሚመጣብህ፣ ቁልቁለት ላይ እንኳን ፔዳል ካልመታህ ወደ ኋላ ይመልስሃል፣ አንድ ቀን እንዲያውም ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስነዳ ቆይቼ ወደ ሥራ ቦታዬ እየቀረብኩ እንደነበር ምዬ እናገራለሁ። ለዚህ ነው እኛ የወንጂ ሰዎች ነፋስ የምንካፈለው። ሁለት ሁለት ሆነን እንመለሳለን፣ አንዱ ከፊት ሆኖ ነፋሱን በደረቱ ይቀበላል፣ ሌላው የፊት ጎማውን ከሱ የኋላ ጎማ ሥር አስጠግቶ ተሸሽጎ ይነዳል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። መቀያየሪያው የታወቀ ነው፣ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ትልቁ ግራር አንድ ተራ፣ ከግራሩ እስከ ሸንኮራው ማሳ ሌላ ተራ። ተራውን የጨረሰ ግራ እጁን ያነሳል፣ የኋላው በግራ ወጥቶ ይቀድመዋል። በወፍጮ ቤቱና በግራሩ መካከል አንዲት ጠባብ ድልድይ አለች፣ ነፋሱ የሚብሰው እዚያ ላይ ነው፣ ስለዚህም አባቶቻችን ያቆዩልን አንድ ሕግ አለ፣ ድልድዩ ላይ ተራ አይለወጥም። ቢያንቅህም፣ ዓይንህ ቢጠፋም፣ ድልድዩን ተሻግረህ ነው።

እኔ ጣስኩት።

የነፋስ ጓደኛዬ ገመቹ ነበር፣ አዳማ አናጺ ቤት የሚሠራ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አብሬው የተመላለስኩ ሰው። የዚያን ቀን ተራው የኔ ነበር፣ ድልድዩ መሃል ስደርስ ነፋሱ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባ፣ ግማሹ ስንፍና ግማሹ ቀልድ ሆኖብኝ ግራ እጄን አነሳሁና "እግሬን ያዘኝ!" ብዬ ጮህኩ። ምንም አልያዘኝም ነበር። ከኋላዬ ሲስቅ ሰማሁት፣ "አንተ ሌባ፣ ግራሩ እኮ ገና ነው!" አለኝ፣ እየሳቀ ወጣልኝ። ከኋላ የመጣው ገልባጭ በዚያ አመሻሽ መብራት አላበራም ነበር። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ለትራፊክ ፖሊሱ ያልኩትን ግን እናገራለሁ። "እሱ ራሱ ነው የወጣው፣ ደወልም አልደወለም፣ መኪናውን አላየሁትም" አልኩ። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ የገመቹ ሚስት ጫልቱ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች፣ አሥራ አንድ ዓመት የኛን ተራ ስትሰማ የኖረች ሴት ናት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

"ታፈሰ፣ ድልድይ ላይ እኮ ተራ አይለወጥም። ገመቹ እንዴት ድልድይ ላይ ይወጣል?" አለችኝ።

"እንጃ ጫልቱ፣ ቸኩሎ ነው መሰለኝ" አልኳት።

አያችሁ? ለፖሊሱ በሰጠሁት ቃልና በአንዲት "መሰለኝ" ሾፌሩ መሪው ላይ ተመለሰ፣ ሰፈሩ ደግሞ "ገመቹ በገዛ ቅብጠቱ ነው የሞተው" አለ፣ እናቱ ሳትቀር "ልጄ ምን አንቀዠቀዠው" እያለች አለቀሰች። ጫልቱ ግን አላመነችም፣ አላመነችም ግን ከኔ ሌላ የምትጠይቀው ምስክር የላትም። እኔ ያን ሰሞን በየሁለት ቀኑ እየሄድኩ እንጀራዋን እበላ ነበር፣ ልጆቿን "አይዟችሁ" እል ነበር።

አሁን እኔም አንድ ነገር ወደታየኝ ምሽት ልምጣ። ምሽት ስላችሁ ጨለማ እንዳይመስላችሁ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፣ ሰው ሁሉ ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት ነው። አቧራው ግን ጉድ ነበር፣ ጢሜን ጠዋት ተላጭቼ የወጣሁት ሰውዬ ሌላ ጢም አብቅያለሁ። ብቻዬን ነበርኩ፣ ከገመቹ በኋላ ከማንም ጋር መካፈል አልፈለግኩም። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ ከኋላዬ የሳይክል ካቴና ሰማሁ፣ ጠቅ... ጠቅ... በየዙሩ አንዴ። የገመቹም እንዲህ ይል ነበር፣ ግን የገመቹ ካቴና ነው አላልኩም፣ ልብ በሉ፣ የስንቱ ካቴና ጠቅ ይላል፣ ዘይት ከጠማው የኔም ይላል። አንድ ጊዜ ደወል ተደወለ፣ በግራዬ አንድ ሰው አለፈኝና ፊቴ ገባ። ራሱን እስከ ዓይኑ በሻሽ ጠምጥሟል፣ በዚያ አቧራ ሁላችንም እንደዚያ ነን፣ ጃኬቱ በነፋስ ተነፍቶ ጆንያ አክሏል።

"ገለቶማ ወንድሜ፣ እግዜር ነው የላከህ!" አልኩት። ዞር ብሎም አላየኝ። ኩራተኛ ነው ብዬ ጎማዬን ከጎማው አስጠጋሁ።

እመኑኝ፣ ሰው ፊትህ ሲሆን ነፋስ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፣ በጎንህ ይገባል፣ ጆሮህ ላይ ያፏጫል። ያን ጊዜ ግን ጠፋ። ጭራሽ ጠፋ። ከመንገዱ ዳር ያሉት ቁጥቋጦዎች መሬት እስኪነኩ ይጎነበሳሉ፣ የኔ ሸሚዝ ግን ልክ ቁም ሣጥን ውስጥ እንደተሰቀለ ቀጥ ብሎ ወርዷል። የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ፣ የሱን ካቴና እሰማለሁ፣ ሌላ ነገር አልሰማም። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ስንፍናዬን ታውቁት የለ፣ "እንደዚህ አይነት ሰው አግኝቼማ እስከ ሻሸመኔ እነዳለሁ" ብዬ ቀለድኩ። ከዚያ ከፊት ለፊት አንድ መኪና መብራቱን አብርቶ መጣ፣ መብራቱም ዓይኔን መታኝ። ቀጥ ብሎ፣ ዓይኔን። ፊቴ ጆንያ የሚያክል ሰው እያለ! እጄን ዓይኔ ላይ ጋረድኩ፣ መኪናው አለፈ፣ ሰውዬው እንዳለ አለ፣ ጠቅ... ጠቅ...

የመብራቱ አመጣጥ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። የቶርኖ ሰው አይደለሁ፣ ለሁሉ ነገር ምክንያት አላጣም።

ድልድዩ ላይ ወጣን። መሃሉ ላይ ስንደርስ ሰውዬው ግራ እጁን አነሳ።

ልብ በሉ፣ የወንጂ ሰው ሁሉ ሕጉን ያውቃል፣ የማያውቅ እንግዳ ከሆነ ደግሞ እጅ ማንሳቱንም አያውቅም። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ድልድዩ ላይ እጁን አነሳ። የሚገርማችሁ ደግሞ እግሬ ነው፣ እኔ ሳላዘው ፔዳሉን ጠንክሮ መታ፣ መሪዬ ወደ ግራ መዞር ጀመረ፣ ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ነገር ነዋ፣ እጅ ሲነሳ ትወጣለህ፣ ገመቹም እንደዚሁ ነው የወጣው። ሁለቱንም ፍሬን በአንዴ ጨበጥኩ። በዚያችው ቅጽበት ገልባጭ መኪና የግራ ክርኔን እየታከከ አለፈ፣ ክላክስ አልሰማሁም፣ ሞተር አልሰማሁም፣ ከኋላዬ እየመጣ እንደነበር አላወቅኩም። ነፋሱም ተመልሶ እንደ ጥፊ ጆሮ ግንዴ ላይ አረፈ።

ሳይክሌ ቆሟል፣ እግሬ መሬት ነክቷል፣ ፊቴ ማንም የለም። መንገዱ እስከ ግራሩ ድረስ ቀጥ ያለ ነው፣ ዶሮ ብትሻገር ትታያለች። ንዴቴ ፍርሃቴን ቀደመው፣ "የት ነህ አንተ! ልትገድለኝ ነው?" ብዬ ባዶ መንገድ ላይ እንደ እብድ ጮህኩ።

ከኋላዬ ጋሪ መጣ። ባለ ጋሪው ሽበታም ሰውዬ ነው፣ ፈረሱ ከኔ አሥር እርምጃ ሲቀረው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ በጅራፍ ቢለው፣ ቢሰድበው፣ ጆሮውን አጥፎ ወደ ኋላ ይሄዳል እንጂ አይራመድም። ሽማግሌው ተናደደብኝ።

"እናንተ ሰዎች ጤናም የላችሁ? ድልድይ ላይ ቆሞ ወሬ ምንድነው?" አለ።

"የምን ወሬ ነው አባቴ፣ ብቻዬን ነኝ!"

"ማሎ፣ አታሹፍብኝ! ሁለት ሳይክል ጎን ለጎን ገትራችሁ ፈረሴን አስደነገጣችሁት። ቢያንስ አንዳችሁ ወደ ዳር ውጡ!"

ወደ ጎኔ አላየሁም። ልትስቁብኝ ትችላላችሁ፣ ግን አላየሁም። ሳይክሌን በእጄ እየገፋሁ፣ ዓይኔን ከአስፋልቱ ሳላነሳ ድልድዩን ተሻገርኩ፣ ከዚያ ጋሪው ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

ቤቴ አልገባሁም። የጫልቱ ቤት ከኔ ቤት በፊት ነው፣ ነፋሱ እንዳይወስደው የልጆቿን ዩኒፎርም ከገመድ ላይ እያወረደች አገኘኋት።

"ጫልቱ፣ ተራው የኔ ነበር" አልኳት።

"የምን ተራ?"

"ድልድዩ ላይ። እኔ ነኝ እጄን ያነሳሁት። እግሬን ያዘኝ ብዬ ጠራሁት፣ ምንም አልያዘኝም ነበር። መኪናውም መብራት አላበራም ነበር፣ አይቻለሁ።"

ሸሚዙን አጠፈችው፣ ፈታችው፣ እንደገና አጠፈችው።

"ስንት ቀን ነው ቤቴ የተመላለስከው?"

"ጫልቱ..."

"አማቴ 'ልጄን ምን አንቀዠቀዠው' ብላ ስታለቅስ አንተ አጠገቧ ተቀምጠህ ነበር። ወጥ ጨምሪልኝ ብለኸኝ ነበር፣ ታፈሰ!"

እውነቷን ነው፣ ብያት ነበር።

"ነገ ሄደህ ለፖሊሱ ይህንኑ ትናገራለህ" አለች። "ከዚያ በኋላ ደጄን እንዳትረግጥ። ዴሚ! ሂድልኝ!"

መንገድ ላይ ያጋጠመኝን አልነገርኳትም። ጋኔን አስፈራርቶኝ ነው እውነቱን የምናገረው ብል ምን አይነት ሰው እሆናለሁ? በማግስቱ ቃሌን አስተካከልኩ፣ ፖሊሱ "ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?" አለኝ፣ የዘረጋልኝን ወረቀት ፈረምኩ። ጉዳዩ ገና ነው፣ ሾፌሩም ተጠርቷል፣ እኔም የሚመጣብኝን እጠብቃለሁ። ሰፈሩ ስለ ገመቹ የሚያወራውን ትቶ ስለኔ ማውራት ጀምሯል፣ ከኔ ጋር ነፋስ የሚካፈል ሰውም የለም፣ ሐቅ ነው፣ እኔም ብሆን ከኔ ጋር አልካፈልም።

አለቀ ብላችሁ ነበር አይደል? እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር። ነፋስ በበረታበት ምሽት ግን ከኋላዬ ካቴናው ይሰማል። አይቀድመኝም፣ አይደውልም፣ እኔ ነፋሱን በደረቴ ተሸክሜ ወፍጮ ቤቱን፣ ድልድዩን አልፋለሁ፣ ግራሩ ጋ እጄን አነሳለሁ፣ ማንም አይወጣልኝም። "ተራህ ነው እኮ!" እያልኩ እጮኻለሁ፣ መንገደኛው እብድ ነው ብሎ ያልፈኛል። ባለቤቴ በኢየሱስ ስም ገሥጻዋለች፣ ሳይክሉንም ዘይት ቀብታዋለች፣ አንዱም አልሠራም። መዞር እችል ነበር፣ አንገት አለኝ። አልዞርኩም።

ያለፈው ሐሙስ ካቴናው ከኋላዬ ጠቅ ጠቅ እያለ በጫልቱ ደጅ ሳልፍ በሯ ላይ ቆማ ነበር። እውነቱን ከነገርኳት ቀን ጀምሮ ስታየኝ ፊቷን ታዞራለች፣ ሐሙስ ግን አላዞረችም፣ ልትታረቀኝ ነው ብዬ ፍጥነቴን ቀነስኩ። "እንደምን አመሸሽ ጫልቱ" አልኳት። አልሰማችኝም። እኔን አይደለም የምታየው፣ ከትከሻዬ ትንሽ አለፍ ብሎ ካለ ቦታ ላይ ነው ዓይኗ የተተከለው፣ እያየኋት ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ የግቢውን በር በሰፊው፣ ሳይክል በሚያሳልፍ ልክ ከፈተችው፣ ጥቂት ቆመች፣ ዘጋችው፣ መቀርቀሪያውንም ከውስጥ ስትወረውረው ሰማሁ።

ከዚያ እስከ ቤቴ ድረስ ከኋላዬ ምንም ድምፅ አልነበረም።