መቅዘፊያዎቹ እኔ ጋ ነበሩ

ያጋነንኩት ነገር የለም። ሰው እንዲያምነኝ መለማመጥም ትቻለሁ።

የሆነው ግን ይሄው ነው... በጠራራ ፀሐይ፣ የዙሁርን ሰላት ሰግደን እንደጨረስን፣ ከትሪፖሊ በስተምዕራብ ባለች አንዲት ጠባብ የባህር ዳርቻ።

የሱልጣናችን ጦር የትሪፖሊን ምሽግ ከቦ ነበር። የእኛ መርከብ ለተከበቡት በባህር የሚመጣላቸውን እርዳታ እንድትቆርጥ ተልካ ሳለ ውሃ አለቀብንና ወደ ዳር ወጣን።

እኛ ባህር ላይ በዘረፋ የምንኖር ሰዎች አንድ ደንብ አለን። ከመርከብ ስንወርድ መቅዘፊያዎቹም አብረውን ይወርዳሉ። ቀዛፊዎቹ ምርኮኞች ናቸው፤ እግራቸው ከወንበሩ ጋር በብረት ታስሯል። ያም ሆኖ መቅዘፊያ ከተተወላቸው መርከቧን ይዘው እብስ ይላሉ።

ካፒቴናችን ያዕቁብ ሬይስ ሰዎቹን አስከትለው ወደ ውሃው ጉድጓድ ሄዱ። እኔ መቅዘፊያዎቹን አሸዋ ላይ ከምሬ ላያቸው ላይ ተቀመጥኩ።

ታናሽ ወንድሜን ሸዕባንን ንዳድ ይዞት ስለነበር፣ እዚያው መርከቧ ላይ ሆኖ ምርኮኞቹን እንዲጠብቅ ተደረገ። እናታችን «አደራ» ብላ በእጄ የሰጠችኝ እሱን ነው።

ጉም መጣ።

በዚያ ሙቀት ጉም አይቼ አላውቅም። መርከቧን ዋጣት። የባህር ወፎቹ ዝም አሉ... ማዕበሉም ዝም አለ።

ከዚያ ሰማሁ።

ቸብ... ቸብ...

ቀዘፋ ነው። የጠላት መርከብ መስሎኝ ጎራዴዬን መዘዝኩ። ድምፁ የሚመጣው ግን ከእኛዋ መርከብ ነበር።

«ሸዕባን...» ብዬ ተጣራሁ።

«ወንድምዓለም፣ ማነው ያዘዛቸው?» አለኝ ከጉሙ ውስጥ።

«ምኑን?»

«እየቀዘፉ ነው።»

እጄን ወደ ታች ሰድጄ እንጨቱን ዳበስኩ። ደረቅ ነው።

«መቅዘፊያዎቹ እኮ እኔ ጋ ናቸው።»

ቀስ ብሎ «አውቃለሁ» አለኝ።

ድምፁ እየራቀ ነበር። ባህሩ ውስጥ እስከ ደረቴ ገባሁ።

«ዝለል። እይዝሃለሁ።»

«እግሬ ላይ ብረት አለ።»

«ማን አሰረህ?»

ቸብ... ቸብ... ብቻ።

ጉሙ ባንድ ጊዜ ተገፈፈ። መርከቧ መልህቋን እንደጣለች ቦታዋ ላይ ናት። ምርኮኞቹ ሁሉ አሉ፤ እንቅልፍ ጥሏቸዋል።

ወንድሜ የለም።

ሰዎቹ ሲመለሱ ባህሩን ጠልቀን፣ ዳርቻውን ዞረን ፈለግነው። ያዕቁብ ሬይስ ንዳዱ አዙሮት ሰጥሟል አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። እንባዬ ግን እምቢ አለኝ፤ ሞቷል ብሎ ልቤ አልቆረጠም።

መቅዘፊያዎቹን ጭነን ተነሳን። ከኋላ በኩል፣ ቀዛፊው ከበባው ላይ የሞተበት ባዶ ወንበር አለ። ለእናቴ ምን እንደምላት እያሰብኩ ዓይኔ እዚያ ላይ አረፈ።

እግር ብረቱ ወለሉ ላይ መጋደም ነበረበት።

አልተጋደመም።

ተቆልፎ፣ በቁርጭምጭሚት ከፍታ አየር ላይ ቆሟል... ቀዛፊዎቹ በሳቡ ቁጥር እሱም አብሯቸው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል።