ከአዳራሹ ያልወጣችው ጀልባ

ግራዝማች አድማሴ የኅዳር ሚካኤል ዕለት በገዛ አዳራሻቸው፣ በገዛ ጀልባቸው ውስጥ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ዳንግላ ላይ በውሃ መሞት ከባድ ነው፤ ግራዝማች ግን ያለ ውሃ ጀልባ ላይ ሞቱ።

ጀልባዋ የጎማ ናት። ከአስመራ ተጠቅልላ መጣች። እሑድ በዘንገና ሐይቅ ላይ፣ እንግዶች እያዩ ሊንሳፈፉባት ነበር ሐሳባቸው። እስከዚያው ዓይን እንዳይበላት ብለው አዳራሽ ውስጥ፣ መስኮቱን አስዘግተው አስነፏት። ተነፍታ ስታበቃ ከበሩ ሰፋች። አግዳሚ ወንበሮች ላይ አስቀመጧት፤ ሞተሩን ከኋላዋ አሰሩ፤ ውሃ የሚቀዝፈውን ጭራውን ለሙከራ በተቆረጠ በርሜል ውሃ ውስጥ ነከሩት።

የፖሊሱ አምሳ አለቃ ሽባባው ከሰዓት በኋላ ሲደርስ ሞተሩን የገጠመው መካኒክ አዝመራው እጁን ታስሯል። ከበላይ የመጣው ትእዛዝ አጭር ነው፤ ነገ ጠዋት ወደ ደብረ ማርቆስ ወህኒ ይጫን። እናቱ እማማ ደጊቱ ወሬውን ሰምተው፣ በሶ ቋጥረው ከአጥሩ በር ላይ ተቀምጠዋል። ማርቆስ የሄደ ሁሉ እንደማይመለስ ያውቃሉ።

«ትናንት ግራዝማች በከዘራ መትተውሃል አሉ» አለው ሽባባው።

«አዎ ጌታዬ። አየሩን አስወጥተን፣ ጠቅልለን በበሩ እናውጣት ስላልኩ። ‹የእኔ ጀልባ እንደ ደሃ ቀልቀሎ አትሟሽሽም!› አሉ። ከበዓሉ ማግስት የጀርባውን ግድግዳ አፍርሰን በዚያ እንድናወጣት አዘዙ።»

«ሰው ለጀልባ ብሎ ቤቱን ያፈርሳል?»

«ግራዝማች ናቸዋ!»

«ዛሬስ?»

«ሰዉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሞተሩን አስነሣሁላቸው። አረቄያቸውን አቀበልኳቸው። በሩን እንዳይዘጉ ለምኛቸው ወጣሁ። ሲሸኙኝ እንኳ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ያለምወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብድግ አሉ። «መርዞብኝ ነው! ቁስል የለ፣ ደም የለ! ዘንገና ሰው አይደፍራትም ብያቸው ነበር፤ እሷም ከዚህ ነፍሰ በላ ጋር አበረች!»

ሽባባው ወደ ጀልባዋ ወጥቶ የሟቹን ከንፈርና ጥፍር አየ። «እሜቴ፣ የግራዝማች ከንፈር እንዲህ ይቀላ ነበር?»

«ኧረ ወዲያ! እንደ ከሰል ነበር።»

ወርዶ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። የበሩን የውስጥ ገጽ በጣቱ ጠረገና ጣቱን አሸተተ። ከዚያ ወደ ግቢ ብቅ ሲል አጥሩ ላይ እርጥብ ጋቢ ተሰጥቷል።

«ይህስ የማን ነው?»

«የሀብቱ፣ የግራዝማች ታናሽ ወንድም» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ።

«እርስዎ አጠቡለት?»

«በሚካኤል? እኔ? እጄ ይቆረጥ!»

ወንድሙን ሞቶ ያገኘው አቶ ሀብቱ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ቀድሞ ወጥቶ። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። «ስደርስ በሩ እንደተከፈተ ነው። ሞተሩ ይጮሃል። አጠፋሁት። ወንድሜ ግን...»

«ነፍስ ይማር። ጋቢዎ ምን ነክቶት ታጠበ?»

«ጭቃ።»

«በኅዳር?»

«ማለቴ... ጭስ ጭስ ሸቶኝ።»

ሽባባው ጋቢውን ከአጥሩ አንሥቶ ጠርዙን አሸተተ። ከዚያ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ እንዲሰበሰቡ አዘዘ። የግራዝማች አስከሬን ላይ ሸማ ተጣለ፤ ጀልባዋ ግን ቦታውን ሁሉ ስለያዘች ሐዘንተኛው በዙሪያዋ በጎን በጎን ተሰለፈ። ወንዱ ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ነው የቆመው።

«ቆሰበር ደጋው ላይ ብርድ የጠናበት ሰው ከሰል አቀጣጥሎ፣ ቤቱን ዘግቶ ይተኛል» አለ ሽባባው። «ጠዋት ሲያነሡት ከንፈሩ ቀልቶ፣ ያማረበት መስሎ ነው። ስንቱን ቀብሬያለሁ። ግራዝማችን የገደላቸው አረቄ አይደለም፤ የሞተሩ ጭስ ነው።»

«በሩ ክፍት ነበር ተባልን እኮ!» አሉ ወይዘሮ ያለምወርቅ።

«አዎ ተባልን። ይህ በር ወደ ውስጥ ይከፈታል። ወለል ሲል የውስጥ ገጹ ከግድግዳው ጋር ይለጠፋል፤ ጭስ አያገኘውም። ይኸው ግን በቅባት ጭስ ጠቁሯል። ሞተሩ ሲሠራ በሩ ተዘግቶ ነበር። ግራዝማች ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ሞተሩ ጆሯቸውን ደፍኖት ሲዘጋ አልሰሙም። ዘጊው የበሩን ሥር ክፍተትም በጨርቅ ወተፈው። ጣጣው ሲያልቅ ከፍቶ ‹ደረስኩ› አለ።»

ሀብቱ ሊስቅ ሞከረ። «ጭስ የሸተተ ሁሉ ገዳይ ነው? ዛሬ እኮ ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ከተማው ሁሉ ቆሻሻ አቃጥሏል!»

«እሱን ነው የምለው። እሜቴ ጭስ ጭስ ይሸታሉ። እኔም እሸታለሁ። ቄሱም ይሸታሉ። በዚህ ከተማ ዛሬ ሳሙና የሚሸት ጋቢ ያንተ ብቻ ነው!» እርስዎ መባሉ እዚያ ላይ ቀረ። «ብትተወው ማን ይለይህ ነበር? ግን ክፍተቱን የወተፍከው በእሱ ነው፤ የሞተር ዘይት በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም፤ ጠርዙ እስካሁን ይሸታል።»

«ለምን ብዬ ወንድሜን!»

«እሱን ግድግዳው ይንገረን። አዝመራው፣ ግድግዳው ይፍረስ ሲባል ማን ተቃወመ?»

«እኛ ስቀን ዝም አልን» አለ አዝመራው። «አቶ ሀብቱ ግን የግራዝማችን እግር ይዘው ለመኑ።»

የጀርባው ግድግዳ የሀብቱን ክፍል ይዋሰናል። ሽባባው በጣቱ እያንኳኳ ሄዶ ምርጊቱ አዲስ የሆነበት ላይ ቆመ። ዶማ አምጡ አለ። በሁለተኛው ምት ጭቃው ተናደ፤ ከውስጡ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወደቀ። ባለፈው ጥምቀት የጠፋው፣ ካህናቱ ሌባውን ያወገዙበት የቤተ ክርስቲያኑ የብር መስቀል ነበር።

«እሱ ለጉራው ሊያፈርሰው ነው እንጂ አላወቀም!» ብሎ ጮኸ ሀብቱ። «መስቀሉን ላወጣ ብል ከአዳራሹ ሰው አልጠፋ አለ! ጀልባይቱን ጠቅልላት አልኩት! ለመንኩት! እምቢ አለኝ!»

ወይዘሮ ያለምወርቅ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ገመዱ ከአዝመራው እጅ ተፈትቶ በሀብቱ ላይ ሲገባ አዩ፤ «ልጄ፣ ስምህን አጥፍቻለሁና ማረኝ» አሉ። አዝመራው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ምሬያለሁ አላለም።

ከአጥሩ በር ላይ እማማ ደጊቱ የበሶውን ቋጠሮ ዘረጉለት።

«ወዴት ሊወስዱህ ነው፣ የኔ ልጅ?»

«ቤት፣ እማ።»

«እንዳልሞትብህ ነው የምትዋሸኝ።»

እጆቹን አሳያቸው። የገመዱን ሰምበር በጣታቸው ዳሰሱት፤ ወደ ኋላው ዞረውም ወታደር ይኖር እንደሆን አዩ፤ የለም። ከዚያ ተነሥተው የኮቱን ጫፍ ጨበጡ። አንድ ጋሪ ነጂ ልጫናችሁ ቢል ጋሪም አላመኑ። ጭሱ በተኛበት የዳንግላ መንገድ፣ ሰው እያየ፣ ጎጇቸው ድረስ ኮቱን ሳይለቁ ተከተሉት።