የኡምኩልሱም የጨው ቋጠሮ

መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ ከእህል ተራው ከፍ ብሎ፣ ኡምኩልሱም ትንሽ ሱቅ አላት። ጅዳ ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ የከፈተቻት ናት። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጨው ትሸጣለች። የእኛ አገር ገበሬ የራሱ ወጥ ጨው ቢያጣ ይታገሣል፤ ለበሬው ግን አያጣም። በእርሻ ሰሞን ጨው ያልላሰ በሬ ምኑን በሬ ሆነ!

ኡምኩልሱም እጇ ፈታ ያለ ሴት ናት። ፌስታል ጠይቋት አፍሮ የተመለሰ ሰው የለም። ጨው ስትሸጥማ እንዳይፈስ ብላ ደራርባ፣ አፉን ጠምዝዛ፣ በጆሮው አዙራ ጥርቅም አድርጋ ትቋጥረዋለች። ይህን አስተሳሰር የለመደችው እዚያው አረብ አገር የአሠሪዋን ቆሻሻ ስታወጣ ነው፤ ጠብ ያለች እንደሆነ የሴትዮዋ ቁጣ አይጣል ነበር። ቋጠሮዋ በእጅ አይፈታም። ገበሬው ማሳው ዳር ደርሶ ሲታገል ይቆይና፣ "ኧረ ይቺ ሴትዮ ምን ነክቷታል!" እያለ የፌስታሉን ቂጥ በጥርሱ ይቀደዋል። ጨዉን ድንጋይ ላይ ለበሬው ያፈስለታል። ፌስታሉንስ? ከነቋጠሮው እዚያው ይጥለዋል። ማን ቁም ነገር ብሎት!

አባቷ መሐሙድ ከከተማው ጫፍ ያርሳሉ። ጎረቤታቸው ደሳለውም እንዲሁ። ሁለቱም ያላቸው አንድ አንድ በሬ ስለሆነ በመቀናጆ ነው የሚሠሩት፤ የመሐሙድ ዳልቾና የደሳለው ቦራ በአንድ ቀንበር ተጠምደው ዛሬ የአንዱን ማሳ ያርሳሉ፣ ነገ የሌላውን። አንዱ መስጊድ ሌላው ቤተ ክርስቲያን ይሂዱ እንጂ እንጀራቸው የወጣው ከአንድ ቀንበር ነው። ዳልቾን የገዛችው ኡምኩልሱም ናት። አረብ አገር የሄደችውም ለዚሁ ለበሬው ነበር።

ግንቦት ላይ ቀበሌው ሕዝቡን ሰበሰበ። ፌስታል ይከልከል ወይስ አይከልከል ተብሎ ሊመከር ነው። አንዱ ይነሣል፣ አንዱ ይቀመጣል፤ ኡምኩልሱም ግን እጇን እንዳወጣች ነበር።

"ፌስታል ከተከለከለ ጨዉን በመዳፋችሁ ልትወስዱት ነው?" አለች ዕድሉ ሲሰጣት። "ዝናብ ሲመጣ ስኳሩን ምን እናልብሰው? ደሀ ሁሉ ዘንቢል አለው እንዴ? ወላሂ ይሄ የጠገበ ሰው ወሬ ነው!"

"እውነቷን ነው!" አሉ ሴቶቹ። ተጨበጨበላት።

ደሳለው በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። "ልጄ፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ግን ከብቱስ? ግጦሹን አይተሽዋል? አሁንስ ከሣሩ ፌስታሉ በለጠ።"

"ኧረ ጋሼ ደሳለው!" አለች ኡምኩልሱም። "ከብት ሣር ይበላል እንጂ ፌስታል ይበላል እንዴ? የእርስዎ ቦራ እንዲህ ሞኝ ነው?"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ደሳለውም አብረው ሳቁና ተቀመጡ። ነገሩ በይደር ተተወ፤ ሰዉም ወደየቤቱ ተበተነ።

ብዙም ሳይቆይ ቦራ ማመስኳቱን ተወ። ሣር ሲያቀርቡለት ያሸትና ፊቱን ያዞራል። ሆዱ ተነፍቶ የጠገበ ይመስላል፤ ጎድኑ ግን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀውን መድኃኒት አመጣ። ዘይት አጠጡት፣ ሆዱን አሹት። የእንስሳት ሐኪሙ ሲመጣ ዳሰሰውና ራሱን ነቀነቀ። በማግሥቱ ቦራ ሞተ። ሊዘራ ሲል፣ በሬ እንደ ዓይን ብሌን በሚታይበት ወቅት!

መሐሙድ ኡምኩልሱምን አስከትለው "አላህ ይተካላችሁ" ሊሉ ሲደርሱ ሐኪሙ የበሬውን ሆድ ከፍቶ እያሳየ ነበር። ከውስጡ የወጣው ትልቅ ጥቅልል ነው፤ ሣርና ፌስታል ተጣብቆ፣ ተጠምዝዞ፣ ጠጥሮ።

"ጨው የነካው ፌስታል ነው" አለ ሐኪሙ። "ጨዉ ሲሸታቸው ይልሱታል፤ እየላሱ ይውጡታል። ከገባ በኋላ መውጫ የለውም።"

ኡምኩልሱም ጠጋ ብላ አየች። ከዚያ ሁሉ ጥቅልል መሐል ቋጠሮዎቹ አልተፈቱም። በጆሮው የዞረ፣ ጥርቅም ያለ ቋጠሮ፤ አንዱ ከሌላው የማይለይ። እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። እሷም መሬት ላይ ተቀመጠች።

"ያረቢ! እኔ ነኝ" አለች። "እኔ ነኝ የገደልኩት።"

"አብሽሪ ልጄ" አሏት ደሳለው። ክርስቲያን ቢሆኑም የወሎ ሰው ናቸውና በዚያው ቃል ነው የሚያጽናኑት። "አንቺ የሸጥሽው ጨው ነው። የጣልነው እኛ ነን። እኔ ራሴ በዚህ ጥርሴ ስንቱን ቀድጄ ጥያለሁ። እያየሁ! ስብሰባ ላይ እያወራሁ፣ ማሳዬ ላይ እጥል ነበር።"

ክረምቱ ማንንም አልጠበቀም። በዚያ ወቅት በሬ የሚያውስ የለም፤ ቢኖርስ ማን ደፍሮ ይጠይቃል? ዳልቾ ብቻውን ቀረ። መሐሙድ ውኃ ሊያጠጡት ሲወስዱት እንደ ልማዱ ለጓደኛው ቦታ ትቶ በመንገዱ ዳር ይሄድ ነበር፤ ይህን ያየች ኡምኩልሱም ቤቷ ገብታ አለቀሰች። የሁለቱም ማሳ የምርቱን ግማሽ ለሚወስድ ለእኩል አራሽ ተሰጠ። ሱቋን ልትሸጥ አሰበች። የሱቁ ዕቃ በሙሉ ተሸጦ ግን የበሬ እግር አይገዛም።

አንድ ቀን የደሳለው ልጅ ሉሊት ወደ ሱቁ መጣች። ትምህርት የሚሆንላት፣ አስተማሪዎቿ ሁሉ ተስፋ የጣሉባት ልጅ ናት።

"ልሄድ ነው፣ እታለም" አለች። "እንደ አንቺ አረብ አገር ሠርቼ ለአባቴ በሬ ልገዛለት።"

"እንደ እኔ አትበይ!" ኡምኩልሱም ጮኸች። "ምን ታውቂያለሽ? በሬውን እንጂ የተኛሁበትን የማድ ቤት ወለል አላየሽም። እናቴ ስትሞት በር ተቆልፎብኝ በስልክ ነው የቀበርኳት። ትምህርትሽን ጨርሺ!"

"በምን ልጨርስ? እናቴ ባዶውን ጎተራ ከፍታ ስታይ አይቻታለሁ" አለች ሉሊት።

ኡምኩልሱም ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፤ ለእናቷ ለአልታየችም ነገረቻት። ልጅቱ ግን ልቧ ቆርጧል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኡምኩልሱም ፌስታል አላስገባችም። ከጅዳ ያመጣቻቸውን ቀሚሶች ቀዳ ከረጢት ሰፋች፤ ደንበኛዋ ሲያጉረመርም፣ "ካልፈለግህ ሌላ ሱቅ አለልህ" አለችው። የመጀመሪያውን ከረጢት ለሉሊት ሰጠቻት።

የመሄጃዋ ቀን ደረሰ። ወደ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ከከተማው ሲወጣ በግጦሹ ጥግ ያልፋል፤ ቤተሰቡ እዚያ ቆሞ ጠበቃት። መሐሙድም ዳልቾን ይዘው ወጥተዋል። ሉሊት በመስኮቱ በኩል ታየች፤ እያለቀሰች ነበር። እናቷ ስንቋን ዳቦ በፌስታል አድርጋላት ኖሯል። አሁን ሉሊት ዳቦውን ወደ ጨርቁ ከረጢት አዛውራ፣ ባዶውን ፌስታል ሳታስበው በመስኮቱ ለቀቀችው። በዚያው እጇ አውለበለበችላቸውና አውቶቡሱ ታጠፈ።

ነፋሱ ፌስታሉን ወደ ግጦሹ ወሰደው። ኡምኩልሱም ጫማዋን ጥላ ሮጠች። ሲያርፍ ትደርስበታለች፣ ሲነሣ ታባርረዋለች። መንገድ ላይ የቆሙት፣ "ይቺ ሴት አበደች እንዴ?" ብለው ሳቁ። ከዳልቾ አፍ ጥቂት ሲቀረው ረገጠችው።

እያለከለከች ወደ ደሳለው ተመለሰች።

"ጋሼ ደሳለው፣ ከብት ፌስታል ይበላል እንዴ ብዬ በሰው ፊት ሳቅሁብዎ። ይበላል። አይቼዋለሁ። ልጅዎንም በላብዎ። አፉ ይበሉኝ!"

ሽማግሌው አውቶቡሱ የታጠፈበትን መንገድ እያዩ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ፤ ከዚያ ፌስታሉን ከእጇ ተቀብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ወገኖቼ፣ ፌስታል ይከልከል አይከልከል የሚለው ክርክር በየአዳራሹ ገና ይቀጥላል። ይከራከሩ። እኛ ግን የጣልነውን ለማንሣት ምን እንጠብቃለን? ከወራት በኋላ በተጠራው ስብሰባ ኡምኩልሱም ተነሥታ ይህንኑ ተናገረች፤ የሳቀ አልነበረም። በሩ ላይ ስትደርስ የሉሊት እናት አልታየች ጠበቀቻትና፣ "ሉሊት ትናንት ደውላ ነበር፤ በላክሁት ብር በሬው ተገዛ ወይ ብላ ጠየቀችኝ" አለቻት።